በደርግ ጊዜ የቤት ኅብረቶች በተግባር እንዴት ነበር የሚሠሩት?

የወጣቶች መምህር፦
ሰላም ቅዱሳን። ለወጣቶች ስለ ስደት የአራት ሳምንት ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ስለታሰሩትና ስለተገደሉት የሚነገረው ሞልቷል፤ የጎደለኝ አሠራሩ ነው። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ፣ መሪው ታስሮ ምእመኑ እንዴት ተሰበሰበ? ስንት ስንት እየሆነ? ምኑስ ተበላሸ? መሠረተ ክርስቶስ የተባለችውን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በምሳሌነት ልወስድ አስቤያለሁ።

ናዝሬት፦
ጥሩ መርጠሃል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ጸሎት ቤቶቿ ታሸጉ፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፤ ዋና ዋና መሪዎቿም ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። ያኔ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ግን 34,000 ያህል ደርሰው ተገኙ።

ለወጣቶቹ ከሁሉ በፊት የቡድኑን መጠን አስረዳ። አምስት ሰው፣ ቢበዛ ሰባት። ከዚያ ካለፈ ጎረቤት ያስተውላል፣ ቀበሌ ይጠይቃል። ስለዚህ ቡድኑ ሲሞላ ይከፈላል፤ የተከፈለው ደግሞ መሪ ይፈልጋል። በደኅናው ጊዜ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰምቶ የሚሄድ የነበረው ሰው ሳይወድ በግዱ አስተማሪ ሆነ። ሴቶችም እንዲሁ ቤታቸውን ከፍተው፣ አስተምረው፣ አዳዲሶችን ተከታትለው ትልቁን ሸክም ተሸከሙ። በእኔ ግምት ዕድገቱን ያመጣው ስደቱ ራሱ ሳይሆን ይህ መከፋፈል ነው። ስደት ብቻውንማ ስንቱን በትኗል!

የእሑድ ጠዋት ነገር አስቸጋሪ ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው በዚያው የአምልኮ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀኑም ቤቱም ይቀያየራል። ሲገባም ሲወጣም አንድ በአንድ ነው። ዝማሬው በለሆሳስ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ቡና ተፈልቶ ወይም የልደት ድግስ ተብሎ ከሆነ ግን የሰው መግባት መውጣት ብዙም አያጠራጥርም።

የወጣቶች መምህር፦
ተባረክ። የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው?

ማርታ፦
አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ። የስም ዝርዝር የያዘ ሰው ቤቱ ከተፈተሸ የሚያዘው እሱ ብቻ አይደለም። መፍትሔው እያንዳንዱ ከራሱ ቡድንና ከአንድ አገናኝ በቀር ሌላውን አለማወቁ ነው። ግን ዋጋ አለው፤ ማን ምን እንደሚያስተምር የሚያይ አይኖርም፣ ስሕተት ቢገባ ቶሎ አይታረምም። በዚያ ላይ አዲስ ሰው ሲመጣ እውነተኛ ፈላጊ ነው ወይስ የተላከ? በር ቢዘጉበት ወንጌሉ ይቆማል፣ ፈጥነው ቢያስገቡት ቡድኑ ይጋለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሰው ለብቻው ያስተምረዋል፤ ከቡድኑ የሚቀላቀለው ቆይቶ ነው።

ገንዘብንም አትርሳ። ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ መባ በሰው ታማኝነት ላይ የቆመ ነው። እስረኛ ስንቅ የሚገባለት ከቤተሰቡ ነው፤ እንጀራ አቅራቢው ከታሰረ ደግሞ ያ ቤተሰብ ራሱ ይራባል። ዘመድ ያልሆነ ሰው ወኅኒ ቤት ቢመላለስ ዐይን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ እርዳታው በሚስት ወይም በእናት እጅ ማለፍ አለበት።

ወልደ ጊዮርጊስ፦
ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ትምህርቱ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ እንዳይሆን አደራ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ በ1984፣ በቀድሞው የራስ አስራተ ካሳ ግቢ ነው።

ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ ዕድል ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። ይህን ስትናገር ግን የሸሸውን አታሳፍር፤ ማቴዎስ 10፥23 ሽሹ ይላልና። እረኛ የሆነና ያልሆነ ሰው ሸክም እኩል አይደለም።

ለውይይት ደግሞ የደርግን መፈክር አንሣላቸው፦ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ»። ግራ እጄን አንሥቼ ይህን አልልም በማለት ብዙ ወጣት ታስሯል። እጁን አንሥቶ አፉን ቢዘጋስ? ወጣቶቹ ይከራከሩበት፤ መልሱን ቶሎ አትስጣቸው።

የወጣቶች መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። የቤት ኅብረቱን በድራማ ላሳያቸው ይሆን?

ናዝሬት፦
ድራማው ይቅር፣ ወታደሩን የሚጫወተው ልጅ ያስቃቸዋል። ይልቅ አምስት አምስት አድርገህ ክፈላቸው። ስልክም ደብተርም አይያዙ። ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 1 ከእስር የተጻፈ ነው፣ 30 ቁጥር አለው፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ይደርሰዋል፣ በቃሉ አጥንቶ ይምጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ከየቡድኑ አንድ ሰው ሳታስጠነቅቅ አስቀርና የእሱን ስድስት ቁጥር ማን እንደሚያውቀው ጠይቃቸው።