ጉበቷ በድንገት ለደከመ ሕፃን ንቅለ ተከላ የሚወሰነው መቼ ነው?

ጠያቂ፣ አጎት ከባሕር ዳር

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ቀደም የጉበት ሕመም ኖሮባት አያውቅም። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሽንቷም ሲጠቁር ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብሎ የቅጠል ጭማቂ አጠጣት፤ ትውከቱ ሲበረታባት ግን ሆስፒታል አስገባናት። የደም መርጋት መለኪያው አይ ኤን አር (ሲጨምር ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው) ቫይታሚን ኬ ከተሰጣት በኋላም 2.6 ነው፤ ጉበት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱት የጉበት ኢንዛይሞቿ ግን በጣም ወርደዋል። ሐኪሞቹ ውጭ አገር ሄዶ ጉበት ማስተከል ሊያስፈልግ እንደሚችል ነግረውናል። እናቷ ኢንዛይሙ ስለወረደ እንጠብቅ ትላለች፤ አባቷ ደግሞ ቤቱን ሸጦ ነገውኑ ለመብረር ተነሥቷል። ውሳኔው በምን ላይ እንደሚመሠረት የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

መልስ፣ የሕፃናት ሐኪም

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ኢንዛይም የሚወርደው ጉበቱ ሲያገግም ብቻ ሳይሆን የሚጎዳ ሕዋስ ሲያልቅበትም ጭምር ስለሆነ ብቻውን ተስፋ አይጣልበትም። አይ ኤን አሩና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን አብረው እየቀነሱ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ኢንዛይሙ ወርዶ እነሱ እየጨመሩ፣ በእጅ ይዳሰስ የነበረው ጉበትም እየሟሸሸ ከሄደ ግን ምልክቱ ክፉ ነው።

ለልጆች አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል የወጣው፣ ንቅለ ተከላ ማን እንደሚያስፈልገው የሚለየው መስፈርት በአዋቂዎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሕፃናት ላይ ያን ያህል አይታመንበትም፤ አይ ኤን አር ከ4 ሲያልፍ ግን ብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በእጅጉ ይሠጋሉ። ከቁጥሩ ይልቅ መንስኤው ብዙ ይናገራል። ከሄፓታይተስ ኤ ወይም ከፓራሲታሞል ብዛት የመጣ ጉዳት ብዙ ጊዜ በራሱ ጉበት ይድናል፤ መዳብ በጉበት የሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ራስን እስከ መሳት ካደረሰ ያለ ንቅለ ተከላ መዳን እጅግ ያዳግታል፤ መላ ሰውነትን በያዘ የማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) በሽታ ደግሞ አዲስ ጉበት ልጁን አያተርፈውም። ስለዚህ የጠጣችውን ቅጠል ለሐኪሞቿ አሳዩአቸው፤ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም።

ሌሊት አብራችሁ እደሩ። ቀን ተኝታ ሌሊት የምትነቃ፣ ያለ ምክንያት የምትነጫነጭ፣ የቤተሰቡን ስም የምታምታታ ከሆነ አንጎሏ መነካቱን ከማንም በፊት የምታየው እናቷ ናት። የደም ስኳሯ በተደጋጋሚ ይለካ፤ ሐኪሟ ያላዘዘውን የማስተኛ መድኃኒት አትስጧት፤ የንቃቷን ሁኔታ ይሸፍናልና። ካልደማችም ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) የአይ ኤን አር ቁጥሩን ለማሳመር ብቻ አይሰጥም።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም፣ ለጉበት ቤተሰቦች የሚሄዱት ውጭ፣ በብዛትም ወደ ህንድ ነው። ልጅ ራሷን ከሳተችና አንጎሏ ካበጠ በኋላ በረራው ራሱ ሊገድላት ስለሚችል፣ ፓስፖርትና የሕክምና ቦርድ ማስረጃ እንዲሁም የለጋሽ የደም ዓይነት ምርመራ ዛሬውኑ ይጀመር። ይህን ማሰናዳት ንቅለ ተከላውን መወሰን አይደለም፤ ብታገግም ወረቀቱ ይቀራል እንጂ የሚጎዳ ነገር የለም። ቤቱን ግን ማዕከሉ ሰነዷን አይቶ እስኪቀበላት ድረስ አትሽጡ።

መልስ፣ ልጁን ያስተከለ አባት

ለልጄ ከጉበቴ ከፍዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለትንሽ ልጅ የሚወሰደው ከግራ በኩል ጥቂት ክፍል ነው፤ የቀረው የለጋሹ ጉበት በሳምንታት ውስጥ አድጎ የጎደለውን ይተካል። ቢሆንም ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፤ አልፎ አልፎም ለጋሽ ይሞታል። ስለዚህ እናትና አባት በአንድ ቀን ቃል ከመግባታቸው በፊት ጤናማው ለጋሽ ማን እንደሆነ፣ ሌሎቹን ልጆች ማን እንደሚጠብቅ ይነጋገሩ። በህንድ ሕግ የውጭ አገር ለጋሽ ያለ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ይሁንታ ስለማይለግስ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አሟልታችሁ ያዙ። ሌላው ሰው የሚረሳው ከተመለሱ በኋላ ያለውን ነው፦ ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚያደርገው ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ መጠኑም በደም ይለካል። ልጁ ሲሮጥ አይታችሁ አንድ ቀን ብታቋርጡበት ሰውነቱ ጉበቱን ሊገፋው ይችላል። መድኃኒቱንና ምርመራውን የት እንደምታገኙ ሳትጠይቁ አትሂዱ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የዛሬው አይ ኤን አር 2.9 ነው፤ ልጅቷ ግን ታወራለች። አባቷ ለፓስፖርቱ ሄዷል። እናቷ ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ አውጥታ ጠበል ልትወስዳት ትፈልጋለች፤ ምን እንበላት?

መልስ፣ የሕፃናት ሐኪም

ቁጥሩ እየጨመረ ስለሆነ ዛሬውኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለ መዛወሯ ጠይቁ፤ የማዕከሉንም መልስ አፋጥኑ። እናቷን አትከልክሏት፤ ካህኑ ወደ ሆስፒታሉ መጥተው ይጸልዩላት። ልጅቷን ግን ግሉኮሱ ተነቅሎ ከክፍሉ አታውጧት፤ በመንገድ ላይ ስኳሯ ቢወርድ የሚደርስላት የለም። የምትጠጣውንም ሐኪሟ ሳይፈቅድ አትስጧት።