ወንድሜ «ቬፕ እኮ ውሃ ብቻ ነው» ይለኛል፤ ምን ልመልስለት?

ጠያቂ፦
ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ግን ጀምሯል። ስቆጣው የቲክቶክ ቪዲዮ ላከልኝ። አንዱ ጭሱን መስታወት ላይ እፍ ይልና «አያችሁ፣ ውሃ ነው!» ይላል። እኔም በንዴት «ቬፕ ያጨሰ ሁሉ የፈንዲሻ ሳንባ ይይዘዋል» የሚል ሌላ ቪዲዮ ላኩለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፈትሾ «ውሸት ነው» አለኝ። አሁን እንኳን ይህን፣ ሌላም ብነግረው አያምነኝም።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ውሸትን በውሸት መለስሽ፤ እዚያ ላይ ነው የተበላሽው። ነርስ ነኝ፣ ይሄ ቪዲዮ ለኔም በየሳምንቱ ይላክልኛል። የፈንዲሻ ሳንባ ስሙን ያገኘው ከፋብሪካ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ዳያሴቲል የሚባለውን የቅቤ ጣዕም ሲተነፍሱ ከርመው ሳንባቸው ተጎዳ። ዳያሴቲል በአንዳንድ የቬፕ ፈሳሾች ውስጥ ሲገኝ ወሬው ተነሳ። «ሁሉንም ይይዛል» የሚለው ግን ፈጠራ ነው።

ውሃውን ግን ለራሱ አሳዪው። መስታወቱ ላይ ደጋግሞ እፍ ይበልና በጣቱ ይሸው። ያሙለጨልጫል፣ ቶሎም አይደርቅም። ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባሉ ቅባት መሰል ፈሳሾች ናቸዋ! ኒኮቲንና ጣዕም ተጨምሮባቸው። ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ይፈጠራል።

መልስ 2፦
እኔ 11 ዓመት አጭሼ ሲጋራ ያቆምኩት በቬፕ ነው። «ከሲጋራ ይብሳል» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ቬፕ ላይ የሚቃጠል ትምባሆ የለም፣ ታር (ዝፍት መሰሉ ጥቀርሻ) እና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ የሚመጡት ከቃጠሎው ነው። ግን ወንድምሽ ከምን ሊገላገል ነው የሚያጨሰው? እኔ ከሲጋራው እንጂ ከኒኮቲኑ አልተላቀቅኩም። ሌሊት ስባንን እጄ ቀድሞ ትራስ ሥር ይገባል።

መልስ 3፦
አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ቬፕ አጭሰው ሳንባቸው ተጎድቶ የሞቱትስ?

መልስ 1፦
እውነት ነው፣ እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 68 ሰዎች ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ ግን ፈሳሹ ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ቅባት ነበር። በብዛት የተገኘው የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለባቸው፣ ከመንገድ በተገዙ ቬፖች ውስጥ ነው። ስትነግሪው ይቺን ዘለሽ እንዳታልፊ፣ ያገኝብሻል።

ጠያቂ፦
መስታወቱን ሞከርነው። ጣቱን ከጣቱ ጋር እያሻሸ «ቅባት ነገር ነው» አለ። ከዚያ ራሱ ካርቶኑን አነሳ። 2 ሚሊሊትር፣ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን። «አርባ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ይቺን እኮ በሁለት ቀን ነው የምጨርሳት።»