የአባቴ ቬስፓ አምፖል ታቃጥላለች፤ ባትሪ ልግጠምላት?

የፒያሳው ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኳት የድሮ 150 ቬስፓ አለችኝ። 6 ቮልት ናት፣ ባትሪ የላትም። ሞተሯ በአንድ እርግጫ ይነሳል፤ ያስቸገረኝ መብራቷ ነው። ማታ ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ስወርድ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ሲጮህ የፊት አምፖሉ ቦግ ይልና ይቃጠላል። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። የኋላው ጭራሽ አይበራም። የመሪውን ክዳን ስከፍት የሽቦው ልባስ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረፈረ። በቴስተር ስለካ ደግሞ ዜሮ ይላል። አንድ መካኒክ “ዲናሞው ሞቷል፤ 12 ቮልት ባትሪ ግጠምና ተገላገል” አለኝ። ባትሪውን ገዝቻለሁ። ከየት ጋር ላገናኘው?

ቮላኖ፦ ከምንም ጋር እንዳታገናኘው! የሞተ ዲናሞ አምፖል አያቃጥልም። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ውስጥ ያሉት ማግኔቶች በሽቦ ጥቅልሎቹ ዙሪያ ሲዞሩ የሚወጣው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፤ ባትሪ የሚፈልገው ደግሞ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ)። በቀጥታ ካሰርከው ባትሪውን ታበላሸዋለህ። ዜሮ ያነበብከውም ቴስተሩ ዲሲ ላይ ስለነበር ይመስለኛል። ወደ ኤሲ አዙርና መብራቱ በርቶ አምፖሉ ላይ ለካ። ያለ አምፖል ከለካህ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያሳስትሃል።

የአራት ኪሎዋ፦ ወንድሜ፣ እኔ የምጠረጥረው የኋላ መብራትህን ነው። ይቺ ቬስፓ ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚቆጣጠር ዕቃ) የላትም። ቮልቴጁን የሚይዘው የአምፖሎቹ ጭነት ራሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት 25 ዋት፣ ከኋላ 5 ዋት። የኋላው ሲጠፋ ሁሉም የፊቱ ላይ ይወድቃል፤ ሞተሩ ሲፈጥን አይችለውም። መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም ከቦዲው ብረት ጋር የሚታሰረውን መመለሻ፣ እይ። በ6 ቮልት 25 ዋት ማለት ከ4 አምፔር በላይ ነው። ግማሽ ኦም የሚሆን ዝገት ብቻውን 2 ቮልት ገደማ ይበላል።

ጋሽ ስታኞ፦ ልጄ፣ ልባሱ ከተፈረፈረ ሽቦው መቀየሩ አይቀርም። ሳትነካው ፎቶ አንሳ፣ የእያንዳንዱን ጫፍ ምልክት አድርግ። ከዚያ አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር እሰርና በቦዲው ውስጥ እየጎተትክ አሳልፍ። እኔ አሮጌውን ቀድሜ መዝዤ፣ አዲሱን ለማስገባት ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ የመኪና ሽቦ ጠይቅ፣ ባለ ብዙ ክር፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። የቤት መብራት ደረቅ ሽቦ በንዝረት ይቆረጣል። ከቮላኖው ሥር የሚወጡትንም አትለፋቸው፤ ሙቀት ይጎዳቸዋል። ቮላኖውን በመዶሻ እንዳትመታ፣ በማውጫው አውጣው። የሞተር ማጥፊያዋ ሽቦ ማሳ ስትነካ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ መሪው ሲዞር በማትፋቅበት አሳልፋት።

ካዛንቺስ፦ ማታ ብዙ የምትነዳ ከሆነ ወደ 12 ቮልት የሚቀይር ሙሉ ዕቃ አለ፤ ቮላኖ፣ ስታተር (ጥቅልሎቹ ያሉበት የማይዞረው ክፍል)፣ ሬጉሌተር ያለው። 12 ቮልት አምፖል ብቻ መግጠም ግን አይሆንም። አይቃጠል ይሆናል፣ መንገድም አያሳይህም።

ጋሽ ስታኞ፦ እኔ እንደተሠራችው ብትቆይ እመርጣለሁ። ሽቦዋ ጤነኛ ከሆነ 6 ቮልት ለከተማ ይበቃል።

የፒያሳው ልጅ (ከአምስት ቀን በኋላ)፦ እግዜር ይስጥልኝ። የኋላው አምፖል ደህና ነበር። ማሳው የታሰረበት ብሎን ሥር ግን ቬስፓዋ ስትቀባ የገባ ወፍራም ሰማያዊ ቀለም አገኘሁ። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ሽቦውንም ጋሼ እንዳሉት ጎትቼ ቀየርኩ። አሁን መካከለኛ ጋዝ ላይ አምፖሉ ጋ 6.3 ቮልት ኤሲ ይላል። ትናንት ማታ ቸርችልን ሁለቴ ወረድኩ፣ ሁለቱም መብራቶች አሉ። ባትሪውን ሻጩ ተቀበለኝ። ክላክሱ ብቻ አሁንም ዝም ነው።

ቮላኖ፦ የአዲስ ሞተር ክላክስ ገጥመውበት እንዳይሆን። እሱ በዲሲ ነው የሚሠራው፣ እዚህ አይጮህም። 6 ቮልት የኤሲ ክላክስ ፈልግ።