ዳርዊን ብሄድ የሴንተርሊንክ (የአውስትራሊያ መንግሥት ድጎማ ቢሮ) ገንዘቤ ግማሹ በካርድ ነው የሚሰጠኝ?

ከሜልቦርን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ ዳርዊን ና፣ ሥራ አይጠፋም እያለ ይወተውተኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ጆብሲከር (የሥራ ፈላጊ ድጎማ) ላይ ከሆንኩ ዓመት አልፎኛል። አንድ ወዳጄ ግን «እዚያ ግማሹን በካርድ ነው የሚሰጡህ» አለኝ። ያ ለአቦርጂኖች (ለአገሩ ቀደምት ሕዝቦች) ብቻ አይደለም እንዴ?

ከዳርዊን፦
ወንድሜ፣ ወዳጅህ አልዋሸም። ዳርዊን ባለችበት ግዛት፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ የምትኖር ከሆነ፣ ዕድሜህም 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ካለፉት 104 ሳምንታት 52ቱን ጆብሲከር ላይ ካሳለፍክ ይመለከትሃል። ለወጣቶቹ 13 ሳምንት ይበቃል። ግማሹ ስማርትካርድ ላይ ይገባል፤ በእሱ መጠጥ፣ ሲጋራና ቁማር አይከፈልም። የቀረው እንደ ድሮው ባንክህ ይገባልሃል።

ሲጀመር ግን በአቦርጂኖች መንደሮች ብቻ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በሕፃናት ላይ ስለሚደርስ ጥቃት አንድ ሪፖርት ወጣ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የጆን ሃዋርድ መንግሥት ወታደር ሳይቀር አስከትሎ 73 መንደሮች ገባ። የሰውን ድጎማ ግማሹን ያዘ። ልጅ ያለው የሌለው፣ የሚጠጣ የማይጠጣ ብሎ አልለየም። ይህን ለማድረግ የ1975ቱ የዘር መድልዎ ሕግ እዚያ እንዳይሠራ ተደረገ! በ2010 የሌበር ፓርቲ መንግሥት ሕጉን ሲመልስ ካርዱን አላነሳም፤ ለቴሪቶሪው ነዋሪ ሁሉ አደረገው። በወረቀት ሁላችንም እኩል ሆንን። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ካርዱን ከያዙት 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ አቦርጂኖች ነበሩ። ከካርዱ ነፃ የመሆን ፈቃዱን በብዛት ያገኘው ደግሞ ሌላው ሰው ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ማመልከቻና ማስረጃ ማቅረብ፣ በስልክ በእንግሊዝኛ መከራከር አለ። በረሃ ውስጥ ያለች፣ አፏን በዋርልፒሪ፣ በአቦርጂኖች ቋንቋ፣ የፈታች እናት ይህን እንዴት ትወጣው?

ከአሊስ ስፕሪንግስ፦
ካርዱን የሚፈልጉም አሉ እኮ። እኔ ሱቅ ካሸር ነኝ። ዘመድ ብር አምጪ ብሎ ሲያስጨንቃቸው «ካርድ ላይ ነው» ብለው የሚገላገሉ አሮጊቶች አውቃለሁ። ግን እነሱ በፈቃዳቸው መመዝገብ ይችላሉ፤ ሌላው ለምን ይገደዳል? የሚያናድደኝ የኛ ሰው ነው። ከመጣ ሳምንት ሳይሞላው «ሲሰጣቸው ጠጥተው ነው የሚጨርሱት» ይልሃል። ከማን ሰማው? መንግሥት ራሱ ያስጠናው የ2014ቱ ጥናት እንኳ ካርዱ ኑሯቸውን እንደለወጠ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኘም። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሴዱና በምትባል ከተማ በ2016 የጀመረው ሌላው ካርድማ 80 በመቶ ነበር የሚይዘው። የፌዴራል ኦዲተሩ በ2018 ካርዱ በማኅበረሰቡ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቀንሷል ለማለት እንደሚያስቸግር ጻፈ። እሱ በ2023 ቀረ፤ የቴሪቶሪው ግን በስማርትካርድ ቀጠለ።

ከሜልቦርን፦
እሺ፣ ነፃ ለመውጣት ምን ላድርግ?

ከዳርዊን፦
ልጆች ስላሉህ መንገድ አለህ። ትምህርት ቤት መመዝገባቸውንና መከታተላቸውን የሚያሳይ ወረቀት፣ የክትባት ካርዳቸውን፣ የቤት ኪራይ የከፈልክበትን ማስረጃ አሰባስብ። ከመነሳትህ በፊት ሴንተርሊንክ ደውል፤ አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ አማርኛ በል። መልሱን በጽሑፍ ጠይቅ። ደግሞ እቁብ ካለህ ለሰብሳቢው ቀድመህ ንገር፤ ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አይወጣም።