የብጉር መብራት ማስክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ማታ ቀብድ ልከፍል ነው (ጅማ)

ሩት ዘቦሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ፊቴ ሰሞኑን ድንገት ብልሽትሽት ብሏል፣ ግንባሬ በሙሉ ጥቃቅን ነገር አውጥቷል አገጬ ላይ ደግሞ መግል የቋጠሩ አሉ፣ ጉንጬ ላይ የድሮዎቹ ጥቁረት ትተው ሄደዋል። ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ሰርግ ነው፣ ሚዜ ነኝ፣ ፎቶ አለ ቪዲዮ አለ። ቴሌግራም ላይ ያ ፊት ላይ የሚታሰረውን ሰማያዊና ቀይ መብራት ያለው ማስክ የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና እልክልሻለሁ አለኝ ግን እስከ ማታ 2 ሰዓት ግማሹን በቴሌብር ካላስገባሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እያለ ነው። ዋጋው የወር ደሞዜን ግማሽ ይበላል። ይሰራል? ጥቁረቱንስ ያጠፋል? የተጠቀመ ሰው ካለ በፈጠራችሁ ይንገረኝ።

የአጂፕ ልጅ፦
ቻርጅ የሚደረግ ይሁን ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሰራ ጠይቂው መጀመሪያ። መብራት በሄደ ቁጥር ማስኩን አጥልቀሽ ጨለማ ውስጥ ስትቀመጪ ቤተሰቡ በድንጋጤ ያልቃል ሃሃሃ። ከምሬ ግን ዋስትና አለው ወይ በይው፣ ቢበላሽ የት ወስደሽ ታሰሪዋለሽ?

ኡሙ ሂባ፦
ልጄ ብርሽን አታቃጥይ። ንጹህ ማር ግዢ፣ ፊትሽን በለብታ ውሃ ታጠቢና ቀብተሽው ሩብ ሰዓት አቆይተሽ ታጠቢው። እኛ በዚህ ነው ያደግነው፣ ወላሂ ፊታችን እንደ መስታወት ነበር።

ሰሎሜ ፋርማሲ፦
ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚያመጣው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ ታገሺኝ። መብራቱ ውሸት አይደለም። ብጉር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ፖርፊሪን የሚባል ነገር ያመርታል፣ የሞገድ ርዝመቱ 415 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ያ ራሱ ያመረተው ነገር መልሶ ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። ቀዩ፣ 630 አካባቢ ያለው፣ ጠለቅ ብሎ ይገባና እብጠቱን ያበርዳል። ስለዚህ ቀላ ቀላ ብለው ለሚወጡት፣ ብዙም ላልከፋ ብጉር የተወሰነ ይረዳል። ብላክሄድ ለሚሉት ጥቁር ነጥብና ቆዳ ስር ለደደረ ትልቅ እብጠት ግን አትጠብቂ። የቤቱ ማሽን ደግሞ ክሊኒክ ካለው ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ ለሳምንታት ሳታቋርጪ ካልተጠቀምሽ ለውጥ የለም፣ ስታቆሚ ብጉሩ ሊመለስ ይችላል። ለሰርጉ ይደርስልኛል ብለሽ ከሆነ የምትገዢው አይደርስልሽም።
ሌላው፣ ኤፍዲኤ አጽድቆታል እያሉ የሚለጥፉት ነገር፦ ይሄ የአሜሪካው የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእንደነዚህ አይነት ዕቃዎች በብዛት የሚሰጠው ፈቃድ ከዚህ በፊት ከተፈቀደ ዕቃ ጋር ይመሳሰላል የሚል ነው እንጂ ብጉርሽን ያድናል የሚል ማረጋገጫ አይደለም። የቴሌግራሙ ዕቃ ያ ፈቃድ ያገኘው ሞዴል ራሱ መሆኑንስ በምን ታውቂያለሽ? እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ኒውትሮጂና የሚባለው የቆዳ መንከባከቢያ አምራች የራሱን የብርሃን ማስክ ከገበያ ሰብስቧል፣ የዓይን ሕመም ያለባቸውና ቆዳንና ዓይንን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድሃኒት የሚወስዱ ሰዎች ዓይናቸው ሊጎዳ ይችላል በሚል ስጋት። አንቺስ የምትወስጂው መድሃኒት አለ? የምትቀቢውስ? እሱን ሳትነግሪን ግዢ አትግዢ ማለት ይከብዳል።

ከድር መንደራ፦
እኔ ደግሞ ከዚያም በፊት የምጠይቀው አለኝ። ብጉር ነው ያለሽ ማነው? ሁሉም ሰው ፊቱ ላይ የወጣውን ሁሉ ብጉር ይለዋል። ግንባርሽ ላይ ያሉት አንድ አይነት መጠን ያላቸው ጥቃቅን ናቸው? ያሳክካሉ? ፀጉርሽን ቅቤ ተቀብተሻል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በብጉር ክሬም ስለፋ ኖሬ ሐኪም ሲያየው ፈንገስ ነው አለኝ፣ እሱን ደግሞ ሰማያዊ መብራት ስታበሪበት ብታድሪ ንቅንቅ አይልም።

ሩት ዘቦሳ፦
ኧረ በጣም ነው የሚያሳክከኝ ግንባሬን። ቅቤ አዎ፣ ለሰርጉ ፀጉሬ እንዲለሰልስ ብዬ እየተቀባሁ ነው፣ ሻሽ አስሬ አድራለሁ። ዶክሲ የሚሉትን አንቲባዮቲክ እየወሰድኩ ነው፣ ጓደኛዬ ለእሷ የታዘዘላት ተርፏት ሰጠችኝ። ክሬም ደግሞ ፊት የሚያጠራ የተባለ አለ፣ በትንሽ ነጭ ቆርቆሮ ነው የሚሸጡት፣ ምንም አልተጻፈበትም፣ መጀመሪያ ላይ በጣም አምሮብኝ ነበር። ይሄ ሁሉ ከማስኩ ጋር ምን አገናኘው ግን? ሰዓቱ እየሄደ ነው ልክፈል አልክፈል?

ቢኒ 07፦
ማር ሞክሪ እህቴ፣ ማርና ሎሚ።

ሰሎሜ ፋርማሲ፦
ሎሚውን ተዉ በናታችሁ! ሎሚ ቀብተሽ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ ቆዳሽ ተቃጥሎ የባሰ ይጠቁራል።
ሩትዬ፣ አትክፈዪ። ሁሉም ይገናኛል። ዶክሲ ቆዳን ለብርሃን ስስ ያደርጋል፣ ቅድም ያልኩሽ መድሃኒት አንዱ እሱ ነው፣ ከዚያ ማስክ ጋር አብሮ አይኬድም። ደግሞም ግንባርሽ ላይ ያለው ከድር እንዳለው ፈንገስ ከሆነ አንቲባዮቲክ ጭራሽ ያብሰዋል፣ ቅቤው ደግሞ ከሻሹ ስር እየቀለጠ ወደ ግንባርሽ ሲወርድ ይመግበዋል። ለጥቁረቱ ብለሽ ከሆነ ሰማያዊ ብርሃን ጠይም ቆዳን ራሱ ሊያጠቁር ይችላል፣ ማድያት ያለበት ሰውማ አይጠጋውም። ተራው ሰንስክሪን እንኳን የሚታየውን ብርሃን ብዙም አያግድም፣ ለእኛ ቆዳ የፊት ቀለም ያለው አይነት ይሻላል። ከምንም በላይ ያስፈራኝ ግን ያ ቆርቆሮ ነው።

ሜሪ ሄርማታ፦
እኔ ማስኩ አለኝ፣ ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ነው። አገጬ ላይ ለሚወጡት ቀያዮች ትንሽ ቀንሶልኛል፣ ጥቁረቱ ላይ ምንም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማስኩ ይልቅ ለውጥ ያየሁት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የብጉር ቅባት ስጀምር ነው፣ 2.5 ፐርሰንቱ በቂ ነው ተብዬ፣ ዋጋው ደግሞ ከማስኩ ጋር አይወዳደርም። አንድ ነገር ብቻ፣ ጨርቅ የነካ እንደሆነ ቀለሙን ይበላዋል፣ የትራሴ ጨርቅ ሰማያዊው ተዥጎርጉሮ ነው ያለው፣ የሀበሻ ቀሚስሽን ጥለት እንዳታስነኪው። ማስኩን ማየት ከፈለግሽ ሳትገዢ መጥተሽ እዪው፣ አበድርሻለሁ ግን ዶክሲውን እየወሰድሽ አይደለም።

የአጂፕ ልጅ፦
ሜሪ ትራስሽን ለሰርጉ ዲኮር አከራዪው። ሩት፣ ልጁ እውነት ሻጭ ከሆነ ዕቃው ጅማ ሲደርስ አይቼ ልክፈል በይው፣ እምቢ ካለ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ከድር መንደራ፦
ሰሎሜ፣ ቆርቆሮው ለምን አስፈራሽ? ስቴሮይድ ነው ብለሽ ነው?

ሰሎሜ ፋርማሲ፦
አዎ። ስም የሌለው፣ መጀመሪያ በሳምንት ውስጥ ፊትን ብርት አድርጎ ኋላ ሽፍታ የሚያስወጣ ክሬም ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ተቀላቅሎበት ነው የሚገኘው። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። የሚያስቸግረው ደግሞ ድንገት ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሽፍታው ይብስበታል፣ ሰውም ደንግጦ ተመልሶ ይቀባዋል። ስለዚህ ሩትዬ ለብቻሽ አትታገዪው። ነገ በጠዋት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ካርድ አውጪ፣ ቆርቆሮውን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ዶክሲውንም አሳዪያቸው፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው ምክንያቱም አንዳንዱ የብጉር መድሃኒት ለጽንስ አደገኛ ነው። አገጭሽ ላይ ያበጠ ትልቅ ካለ ደግሞ ሐኪም ውስጡ በሚሰጠው ትንሽ መርፌ በጥቂት ቀን ሊሟሽሽ ይችላል፣ ለሰርጉ የሚደርስልሽ እሱ ነው። እስከዚያው ቅቤውን አቁሚ፣ ሻሹን እጠቢ፣ ፊትሽን ለስላሳ በሆነ ሳሙና በቀን ሁለቴ ብቻ ታጠቢ፣ አታፍርጪው።

ኡሙ ሂባ፦
ልጄ የሰሎሜን ስሚ። ማሩን በሻይ ጠጪው።

ሜሪ ሄርማታ፦
ሩት ቆዳ ክፍል ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ጻፊልኝ፣ ጠዋት ሄርማታ ጋር ጠብቄሽ አብረን በባጃጅ እንሄዳለን።