ሊኑክስን ለጊዜ-ወሳኝ የማሽን ቁጥጥር ስለማዘጋጀት

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ወርክሾፓችን የፕላስቲክ ከረጢት መቁረጫ ማሽንን ሊኑክስ በሚያስኬድ ራዝበሪ ፓይ 4 በተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር እየተቆጣጠርን ነው። ፕሮግራሙ በየ1 ሚሊሰከንዱ የሞተሩን ቦታ አንብቦ ትእዛዝ መስጠት ሲኖርበት፣ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አካል) ሌላ ሥራ ሲበዛበት አልፎ አልፎ ይዘገያል፤ የከረጢቱም ርዝመት ይዛባል። ሊኑክስን ማስተካከል ይበቃል ወይስ ወደ ፍሪአርቲኦኤስ (ለጊዜ-ወሳኝ ሥራ ወደተሠራው አነስተኛ የኮምፒውተር ሥርዓት) እንዙር?

መልስ 1፦ ሊኑክስን አይተዉት። አስቸኳይ ሥራ በሰዓቱ እንዲከናወን የሚያደርገው፣ ለረጅም ዓመታት በከርነሉ ላይ በተናጠል ሲጨመር የቆየው የፕሪኤምፕት አርቲ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በወጣው ከርነል 6.12 ውስጥ ተካትቷል፤ ለእርስዎ ባለ64 ቢት አርም ፕሮሰሰርም ይሠራል። ይህ አማራጭ በርቶ ከርነሉ ሲገነባ፣ አብዛኞቹ የሃርድዌር ጥሪዎች ቅደም ተከተል በሚሰጣቸው ክሮች (ለየብቻ በሚሄዱ የፕሮግራም ሥራዎች) ስለሚስተናገዱ፣ አብዛኞቹ የከርነሉ ቁልፎችም (ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክሉት) ሊቋረጡ የሚችሉ ስለሚሆኑ፣ አስቸኳዩ ሥራ ተራ ሥራ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

መልስ 2፦ ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው፤ ከርነሉ ብቻ ግን አይበቃም። የቁጥጥር ክሩን ለአስቸኳይ ሥራ ቅድሚያ በሚሰጠው የስኬድ-ፊፎ መርሐ ግብር ያስኪዱት፣ ማህደረ ትውስታውን ከራም እንዳይወጣ በኤምሎክኦል ትእዛዝ ይቆልፉት፣ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት ቋሚ ያድርጉት። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ሆን ብለው ሥራ አብዝተው ሌሊቱን ሙሉ መዘግየትን በሚለካው ሳይክሊክቴስት ፕሮግራም ይለኩ። መመልከት ያለብዎት አማካዩን ሳይሆን ትልቁን መዘግየት ነው፤ አንዱን ከረጢት የሚያበላሸው እሱ ነውና።

መልስ 3፦ እኔን የሚያሳስበኝ የሠራተኛው እጅ ነው። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው በሶፍትዌር በኩል እንዳያልፍ እለምንዎታለሁ፤ የሞተሩን ኃይል በቀጥታ በሽቦ ያቋርጥ። መብራት በድንገት ሲጠፋ የማስታወሻ ካርዱ እንዳይበላሽም የፋይል ሥርዓቱን ለንባብ ብቻ ያድርጉት።