የጎልፍ ዱላ ግሪፕ እቤት መቀየር ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓርብ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎልፍ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር ሰፈራችን ያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ የሚሸጥበት) ላይ 11 ዱላ ከነቦርሳው በ70 ዶላር ገዛሁ። ድራይቨር፣ አንድ ፌርዌይ ውድ፣ ከ4 ጀምሮ አይረኖች፣ ሁለት ዌጅና ፓተር። ዱላዎቹ ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ግሪፑ ላይ ነው፤ ማለትም በእጃችን የምንይዘው ላስቲክ። ደርቆ ያብለጨልጫል። ስላይጎ ክሪክ ሜዳ በጠዋት ጤዛ ላይ ስጫወት በ7 አይረኔ ልመታ ስል እጄ ውስጥ ዞረብኝ። ኳሱ ዛፍ ውስጥ ገባ።

ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩ። ከነሥራው ለአንዱ 15 ዶላር አሉኝ። ለ11 ዱላ 165 ዶላር ማለት ነው። ከገዛሁበት ዋጋ እጥፍ በላይ ስለሆነ እቤት ልሞክር ብዬ ትናንት ማታ አንዱን አይረን በካተር ሰንጥቄ አወጣሁት። ላስቲኩ በቀላሉ ወጣ። ከስሩ ያለው ፕላስተር ግን እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። አንድ ሰዓት ሙሉ በጥፍሬ ስፍቅ ቆይቼ የወጣው ግማሹ ነው።

የፕላስተሩን ቅሪት በምን ላውጣው? አዲሱ ግሪፕ እንዲገባ ምን ይቀባል? የድራይቨሩ ዘንግ ግራፋይት (ከካርቦን ክር የተሠራ) ስለሆነ እሱን መንካት ፈርቻለሁ። ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) የለኝም። የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ የኔን ዱላዎች ከ10 ዓመት በላይ ራሴ ነው የምቀይረው። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ቅደም ተከተል አለው።

የቀሩትን 10 ከመቁረጥህ በፊት እጠባቸው። በለብ ያለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እሻቸው። በደንብ አለቅልቀህ አድርቃቸው። ብዙ ጊዜ የሚያንሸራትተው የእጅ ላብና የፀሐይ ክሬም ቆሻሻ ነው። ከታጠበ በኋላ አውራ ጣትህን ጫን አድርገህ ጎትት። ጣትህን ያዝ ካደረገው ገና ይሠራል፤ ገንዘብህን አታውጣ። እንደ መስታወት ካሳለፈው ወይም ስንጥቅ ካየህበት ቀይረው።

አሁን ስለ ፕላስተሩ። በጥፍር አትሞክረው። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅህ በዱልዱም የፕላስቲክ መፋቂያ ግፋው። ሙጫው ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ረጅም ቁራጭ ሆኖ ይነሳል። የቀረውን ሙጫ ሚኒራል ስፒሪት (ሙጫ የሚያሟሟ ፈሳሽ) በነካ ጨርቅ ጥረገው። ሻፍቱ (የዱላው ዘንግ) ላይ እጅህን ስታሳልፍ ምንም ጉብታ መኖር የለበትም። ትንሽ ቅሪት ብትተው በአዲሱ ግሪፕ ውስጥ ጣትህ ያገኘዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ያናድድሃል።

የሚያስፈልግህ ዕቃ ይኼ ነው፦ አዲስ ግሪፕ፣ 2 ኢንች ስፋት ያለው ባለ ሁለት ፊት የግሪፕ ፕላስተር፣ አንድ ቆርቆሮ ሚኒራል ስፒሪት፣ ጓንት፣ ከስር የሚቀመጥ የቆየ ትሪ፣ አንድ የእንጨት ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችንካር)። ሞርሳ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ዱላውን ግድግዳ ጥግ አስደግፈህ በጉልበትህ መያዝ ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲያ ነው የሠራሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ግሪፕ የት ድረስ እንደነበረ ሻፍቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ፕላስተሩን ከላይኛው ጫፍ ጀምረህ እስከ ምልክቱ ከማለቁ ትንሽ በፊት ድረስ በቁመቱ ለጥፈህ ዙሪያውን ጠቅልለው። ከጫፉ ወደ ግማሽ ኢንች የሚሆን ትርፍ ተውለት። ትርፉን ጠምዝዘህ ወደ ሻፍቱ ቀዳዳ ውስጥ ክተተው። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ቀዳዳውን ካልዘጋኸው ስፒሪቱ ሻፍቱ ውስጥ ይወርድና ስትመታ ሲንቦጫቦጭ ትሰማዋለህ። ከዚያ የፕላስተሩን የላይኛውን ወረቀት ላጠው።

አሁን የአዲሱን ግሪፕ ቆብ፣ ማለትም የተዘጋውን ጫፍ ተመልከት። መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቲዋን እሷ ውስጥ ሰክተህ ዝጋት። ግሪፑ ውስጥ ስፒሪት አፍስስ፣ አፉን በአውራ ጣትህ ይዘህ በደንብ ነቅንቀው። ከዚያ ፈሳሹን በፕላስተሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አፍስሰው፤ የሚንጠባጠበውን ትሪው ይቀበለዋል። ፕላስተሩ ላይ ደረቅ ቦታ መቅረት የለበትም። ቲዋን ነቅለህ የግሪፑን አፍ ጨመቅ አድርገህ ጫፉ ላይ አስገባና ሳታቆም በአንድ ትንፋሽ ግፋው። ቆቡ ሻፍቱን ሲነካ ይሰማሃል። ከዚያ ቶሎ ብለህ አቅጣጫውን አስተካክል፣ ምክንያቱም ቶሎ መያዝ ይጀምራል።

ስፒሪት አትቆጥብ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጠብ ጠብ አድርጎ ይጀምርና ግሪፑ መሐል ላይ ይይዝበታል።

አንድ ነገር አደራ። ቤዝመንት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ካለህ እዚያ አትሥራ። ስፒሪቱ እሳት ይይዛል። ጋራዥ በሩን ከፍተህ ወይም ደጅ ሥራ። የጠረግክበትን ጨርቅ ጨብጠህ ቅርጫት ውስጥ አትጣል፤ ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

መልስ (ከሎሬል፣ ሜሪላንድ)

ከላይ ያለው ወንድማችን ሁሉንም ብሎታል። እኔ ስለ ውፍረት ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ቀለም ያይና ውፍረቱን ሳያይ ይገዛል።

ግሪፕ ስታንዳርድ፣ ሚድሳይዝና ጃምቦ እየተባለ ይሸጣል። ከስታንዳርድ የሚቀጥንም አለ። ጓንትህ ሚድየም ወይም ላርጅ ከሆነ ስታንዳርድ ይበቃሃል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በግራ እጅህ ስትይዘው የመሐልና የቀለበት ጣትህ ጫፍ መዳፍህን ለመንካት ያህል ይጠጋል። ጣቶችህ መዳፍህ ውስጥ ከተቀበሩ ቀጥኗል፤ ሰፊ ክፍተት ከቀረ ወፍሯል።

አባቴ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም አለባቸው። ባለፈው በጋ 9 ጉድጓድ ሳይጨርሱ ማቆም ጀምረው ነበር። ሚድሳይዝ ለስላሳ ግሪፕ አደረግኩላቸው። መጀመሪያ ያደረግኩት 8 አይረን ላይ ብቻ ነው። ከመኪናው አጠገብ ቆመው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አደረጉትና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። የቀረውን በማግስቱ ሠራሁት። አሁን ዱላውን አጥብቀው ሳይጨብጡ ይጫወታሉ። ወፍራም ግሪፕ አጥብቆ መያዝን ይቀንሳል፣ ለታመመ እጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

በስታንዳርድና በሚድሳይዝ መሐል የሆነ እጅ ካለህ ደግሞ ከባለ ሁለት ፊቱ በፊት ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር አንድ ወይም ሁለት ዙር ጠቅልል። እያንዳንዱ ዙር በጥቂቱ ያወፍረዋል። ሁሉንም ዱላ ግን እኩል አድርግ።

ስትገዛ የግሪፑን አፍ ውስጥ እይ። 58 ወይም 60 የሚል ቁጥር አለ። የሻፍቱ ጫፍ ውፍረት 0.600 ኢንች ከሆነ 60 የተጻፈበት ይስማማዋል። 58ን በ0.600 ሻፍት ላይ ካስገባኸው ይለጠጥና ከተጻፈው ይወፍራል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ኦልድ ኤርፖርት ካዲ (የተጫዋች ዱላ ተሸካሚ) ነበርኩ። ያኔ አዲስ ግሪፕ የሚባል ነገር በዓይናችንም አናይ። ሰው የጣለውን ዱላ አንስተን ግሪፑ ሲያልቅ የብስክሌት ከመነዳሪ በቀጭኑ እየቆረጥን ከታች ወደ ላይ እንጠመጥምበት ነበር። ጫፉን በሲባጎ እናስራለን። ዝናብ ላይ ጥሩ ይይዛል። ለአንድ ክረምት ይበቃል።

አሁን ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ግሪፕና ፕላስተሩን እናስልካለን፤ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም። ፈሳሹን ግን በአውሮፕላን አታስልኩ፣ አይፈቀድም። እዚህ አንዳንዱ ቤንዚን ይጠቀማል። እባካችሁ ተዉት። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። የቀለም ቲነርም አልመክርም፤ ኃይለኛው ዓይነት የግራፋይቱን ቀለም ይልጣል፣ ላስቲኩንም ይጎዳል።

እኔ የማደርገው በአየር ነው። ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ እሄዳለሁ። ባለ ሁለት ፊቱን ፕላስተር ትቼ ተራ የወረቀት ፕላስተር ብቻ እጠቀልላለሁ፤ ባለ ሁለት ፊቱ ላይ ግሪፑ ያለ ፈሳሽ አይንሸራተትምና። ግሪፑን ጫፉ ላይ ትንሽ አስገብቼ የአየሩን አፍ ቆቡ ቀዳዳ ላይ እደግናለሁ። አየሩ ሲገባ ላስቲኩ ነፋ ይልና በራሱ ይንሸራተታል። አየሩን ስለቀው ተመልሶ ይጨብጣል። ምንም መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ትጫወትበታለህ። ግፊቱን ግን ዝቅ አድርጉ፣ ቀስ በቀስ ስጡት። ብዙ አየር ከገባ ግሪፑ ይፈነዳል። መነጽር ሳታደርጉ አትሞክሩት።

መልስ (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

የግራፋይቱን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ባለ ቀጥታ ምላጭ ካተር በግራፋይት ላይ በጭራሽ አታሳርፍ። ግራፋይት በክር የተሠራ ነው። ምላጩ ክሩን ከጫረው ላይታይ ይችላል፣ አንድ ቀን ግን ስትመታ እዚያው ላይ ይሰበራል። ቆልማማ ምላጭ ግዛ፣ ሃርድዌር መደብር አለ። ጫፉ ከላስቲኩ ስር ይገባና ወደ ውጭ ይቀድዳል እንጂ ሻፍቱን አይወጋም። ሁልጊዜ ከሰውነትህ ወደ ውጭ ግፋ። ፕላስተሩን ስታሞቅም በዝቅተኛ ሙቀት ይሁን፤ ብዙ ሙቀት ግራፋይቱን የያዘውን ሙጫ ያዳክማል። ሞርሳ ብታገኝ የጎማ መያዣ ሳታደርግ አታጥብቀው፣ ይጨፈልቀዋል።

ሌላው፣ ድራይቨርህ አንገቱ በቁልፍ የሚስተካከል ከሆነ ክብ ግሪፕ ግዛ። አንዳንድ ግሪፕ ከስሩ በቁመቱ ትንሽ ከፍ ያለ መስመር አለው፣ ጣት ቦታውን እንዲያውቅ። አንገቱን ባዞርከው ቁጥር ሻፍቱም ስለሚዞር ያ መስመር ቦታውን ይስታል። ለአይረኖቹ ግን መስመር ያለውን ከወደድከው ችግር የለውም። የጨዋታው ሕግም ይፈቅደዋል፤ ከፓተር በስተቀር የሌሎቹ ግሪፕ ክብ መሆን አለበት፣ ቀጥ ያለ ስስ መስመር ግን ይፈቀዳል። የጣት ቅርጽ የተቀረጸበት ግሪፕ አይፈቀድም፣ ልምምድ ላይ ብቻ ነው።

ጠያቂው (እሑድ ከሰዓት)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም አጠብኩ። ሁለቱ ዌጆች ተርፈዋል፣ እጄን ያዝ አደረጉት። ስታንዳርድ 60 ገዛሁ። ፕላስተሩ በፀጉር ማድረቂያ እውነትም እንደ ልጣጭ ተነሳ።

የመጀመሪያው 9 አይረን በደንብ ገባ። ሁለተኛው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ምን ላድርግ?

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)

አትደንግጥ፣ ሁላችንም ደርሶብናል። አሁን ገና ከሆነ በሁለት እጅህ ይዘህ እየጠመዘዝክ ወደ ላይ ጎትተው። ከወጣልህ ፕላስተሩን ቀይርና እንደገና ጀምር። ካልወጣ ባለ ቀጭን መርፌ ስሪንጅ በላስቲኩ ውስጥ ስፒሪት ትንሽ በትንሹ ወግተህ ጨምርለት፣ ይለቃል። እሱም ካልሠራ ቁረጠው። የ6 ዶላር ግሪፕ ነው፣ ለሱ ብለህ ሻፍቱን አትጉዳ።

በሚቀጥለው ስፒሪቱን እጥፍ አድርገው። ስታስገባ ደግሞ በመዳፍህ ቆቡን ብቻ አትግፋ፤ አንዱ እጅ አፉ አጠገብ ይዞ ይጎትት፣ ሌላው ይግፋ።

ጠያቂው (እሑድ ማታ)

ተጠምዝዞ ወጣ! ሁለተኛውን በእጥፍ ስፒሪት ሠራሁት፣ እንደ ቅቤ ገባ። ድራይቨሩንም በቆልማማው ምላጭ ቀስ ብዬ ጨረስኩ፤ አንድ ጭረት የለበትም። ስምንቱ ጋራዥ ውስጥ ተደግፈው ቆመዋል። ነገ ጠዋት ልጫወትባቸው እችላለሁ?

መልስ (ከሎሬል)

በሚኒራል ስፒሪት ከሆነ 24 ሰዓት ጠብቅ። ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ርጥብ ይሆናል፣ በሙሉ ኃይል ስትመታ ይዞርብሃል። ማክሰኞ ብትወጣ ይሻላል። የተረፈ ፈሳሽ ከቆቡ ቀዳዳ እንዲወጣ ዱላዎቹን ግሪፑ ወደ ታች አድርገህ አቁማቸው።

ጠያቂው

እሺ እህቴ፣ ማክሰኞ ይሁን። አባትሽንም ሰላም በይልኝ። ፓተሩን ለነገ አሳድሬዋለሁ። የሱ ግሪፕ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከዱላው ፊት ጋር እኩል ለማድረግ የቀን ብርሃን ያስፈልገኛል።